ኦገስት ላይ እናቴንና ልጆቹን ይዤ ኦርላንዶ ልሄድ ነው፤ ሙቀቱንና ሰዉን እንዴት ቻላችሁት?

ሚሚ አሌክሳንድሪያ | ጁላይ 27

ሰላም ለቤቱ። ከቨርጂኒያ ነኝ፣ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ልጆቹን ዲዝኒ ዎርልድ እንወስዳችኋለን ካልናቸው ሁለት ዓመት አለፈን። ዘንድሮ እንደ ምንም የመግቢያ ትኬት ቆረጥን። ከኦገስት 16 ጀምሮ አራት ቀን ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ነን። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። ባሌ ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ቤታችን ክረምት ከበጋ ፍሪጅ ነው የሚመስለው።

እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ግን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። 68 ዓመቷ ነው። ግፊት አለባት፣ የሽንት ክኒንም ትወስዳለች። ትተናት መሄድ አንጀታችን አልቻለም። እሷም "ቤት ጠባቂ ልታደርጉኝ ነው እንዴ?" ብላ ጨርሳዋለች።

በዚያ ላይ ጊዜው ፍልሰታ ነው። እናቴ ፍልሰታን ሳትጾም የቀረችበት ዓመት ትዝ አይለኝም። እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ዛሬ የኦርላንዶን አየር በስልኬ ሳይ 92 ፋራናይት ይላል። ከሥሩ ደግሞ "የሚሰማው 104" ብሎ ጽፏል። በኛ ቋንቋ 33 ሆኖ 40 ይመስላል ማለት ነው። እንቅልፍ አጣሁ። የሄዳችሁ ንገሩኝ እስቲ።

የቦሌ ልጅ | ጁላይ 27

እኛ እዚህ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርበን፣ ጭቃ እየዘለልን፣ ፀሐይ ካየን ሳምንታችን ነው። የተረፋችሁን በፖስታ ላኩልን።

ሁለቴ የሄድኩ (ሜሪላንድ) | ጁላይ 27

ሚሚ፣ አይዞሽ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ማስታወስ አልፈልግም፣ በሁለተኛው ግን ተማርኩ።

መጀመሪያ ሰዓት። ፓርኩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት በፊት በር ላይ ሁኑ። ማጂክ ኪንግደም (ከዲዝኒ ፓርኮች አንዱ) ከሆነ የበለጠ ማልዱ፤ መኪናውን ካቆማችሁ በኋላ ገና በመርከብ ወይም በሞኖሬይል ባቡር መሻገር አለባችሁ። ይሄን ሳላውቅ በሰዓቱ የደረስኩ መስሎኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ከበሩ ወዲህ ማዶ ቀረሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች ከሰዓት በኋላ ያለውን ግማሽ ቀን ያህላሉ። ሰልፉ አጭር ነው፣ ፀሐይዋም ገና አልከረረችም።

ከዚያ እኩለ ቀን ላይ ውጡ። አዎ፣ ውጡ! ሆቴል ገብታችሁ ተኙ፣ ገንዳ ውስጥ ግቡ፣ ምሳ ብሉ። በያዛችሁት ትኬት በዚያው ቀን ተመልሳችሁ መግባት ትችላላችሁ። 11 ሰዓት ላይ ስትመለሱ ልጆች ይዘው የመጡ ሰዎች ግማሾቹ እያለቀሱ ሲወጡ ታገኟቸዋላችሁ።

ሁለተኛ ዝናብ። በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ነጎድጓድ ያለው ዝናብ የለት ተለት ነገር ነው። ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይዘጋሉ፣ ሰው ሁሉ ወደ መውጫ ይሮጣል። አትሩጡ። አንድ ጣራ ሥር ቆማችሁ ጠብቁ። ዝናቡ ሲያባራ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ቦታውም ይለቀቃል። አገር ቤት በሐምሌ ዝናብ ያደግን ሰዎች በሁለት ጠብታ ልንሸሽ ነው እንዴ?

ሦስተኛ ውሃ። ውሃ አትግዙ። ለስላሳ የሚቀዳበት የምግብ መሸጫ ሁሉ በረዶ ያለው ውሃ በነፃ ይሰጣል፣ መጠየቅ ብቻ ነው። ምግብም ይዞ መግባት ይቻላል። ጠርሙስና ለብቻው የተበተነ በረዶ ነው የማይፈቀደው፤ ውሃችሁን በላስቲክ እቃ አቀዝቅዛችሁ ውሰዱ። እኔ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በርበሬ የነካካሁት ድንች ይዤ ነው የገባሁት። ቦርሳ ፈታሹ ልጅ ቆሎውን አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። አቀመስኩት።

ገንዘቤ ነው | ጁላይ 28

በእኩለ ቀን ውጡ የሚለው አይገባኝም። የአራት ሰው ትኬት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ በር ሲከፈት ገብቼ ርችቱን አይቼ ነው የምወጣው። ሙቀት ነው ብሎ ሆቴል መተኛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሁለቴ የሄድኩ | ጁላይ 28

ወንድሜ፣ ያ የመጀመሪያው ጉዞዬ ነው የነገርከኝ። 9 ሰዓት ላይ ልጄ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ሲንፈራፈር፣ እኔና ባለቤቴ "አንተ ነህ ያመጣኸን፣ አንቺ ነሽ" ስንባባል፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ማራገቢያዋን ሰጥታን ሄደች። ትኬቱን ሙሉ በሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፣ እውነትህን ነው።

ሹፌሩ | ጁላይ 28

በመኪና ነው የምትሄዱት? ከአሌክሳንድሪያ ኦርላንዶ 850 ማይል ገደማ ነው፣ በ95 አውራ ጎዳና ቁልቁል። እናት ይዛችሁ በአንድ ቀን አትሞክሩት፣ ሳቫና አካባቢ እደሩ። ሌላም አማራጭ አለ። እናንተው አጠገብ ሎርተን ላይ መኪናችሁን ባቡር ላይ ትጭናላችሁ፣ ማታ ተሳፍራችሁ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ትወርዳላችሁ። አውቶ ትሬን ይባላል።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ኦርላንዶን ለጃንዋሪ አድርጉት። ለእናትሽ እዚያው ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ተራራ ይሻላታል። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ላይ 105 ማይል ሙሉ ተራራ ለተራራ ነው፣ ከታች ካለው ሜዳ 10 ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል። ሉሬይ ዋሻ ውስጥ ደግሞ ክረምት ከበጋ 54 ፋራናይት ነው፣ ጋቢ ያስፈልጋታል። እንጦጦ የወጣች ነው የሚመስላት።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ | ጁላይ 28

ሹፌሩ፣ ልክ ነህ፣ ግን ትኬቱ ተቆርጧል። ልጆቹ ደግሞ ቀኑን በግድግዳ ላይ እየሰረዙ ነው የሚቆጥሩት። ሸናንዶዋ ሴፕቴምበር ላይ እንሄዳለን።

ጃንዋሪ ያልከው ለሥራ አይመቸንም። ለነገሩ ፍሎሪዳ ውስጥ ትምህርት የሚከፈተው ኦገስት ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ስለሆነ የዚያው አገር ሰው ይቀንሳል ብለውኛል። እኛ ጋ ገና አልተከፈተም። ቀኑን የመረጥነው ለዚያ ነው።

ነርሷ | ጁላይ 29

ሚሚ፣ የእናትሽ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ዕድሜ ሲገፋ ሰው እንደ ወጣት ውሃ አይጠማውም። ሰውነት ውሃ አንሶት እንኳ "አልጠማኝም" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። የሽንት ክኒኑ ደግሞ ያለውን ውሃ ያስወጣል። ስለዚህ "ይጠማሻል?" ብለሽ አትጠይቂያት። ሰዓት ቆጥረሽ ስጫት። ክኒኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ፤ ሰዓቱን ወይም መጠኑን ሊያስተካክልላት ይችላል። ለምለም የምንለውን የጨውና ስኳር ብጥብጥ መያዝ ጥሩ ነው፣ ግፊት ላለበት ሰው ግን እሱም በሐኪም ይሁን።

ምልክቱን እወቁ። በጣም ካላባት፣ ከደከማት፣ ራሷን ካዞራት፣ ካቅለሸለሻት፣ እግሯን ከሸመቀቃት፦ ወዲያው ጥላ፣ ኤሲ ያለበት ቤት፣ እግር ከፍ፣ ቀስ እያለ ውሃ። ይሄ ገና የሚመለስ ነው። ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ የት እንዳለች ከጠፋት፣ ራሷን ከሳተች ግን ወዲያው 911 ደውሉ። አምቡላንስ እስኪመጣ ውሃ አርከፍክፉባት፣ በረዶ አንገቷ ላይ፣ ብብቷ ሥር፣ ብሽሽቷ ላይ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ወይም ለተምታታበት ሰው በአፉ ምንም እንዳትሰጡ።

ሌላ ሁልጊዜ የማየው ስህተት አለ። ልጅ ፀሐይ እንዳይመታው ብለው ስትሮለሩን (የልጅ ጋሪውን) በብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑታል። ውስጡ አየር አጥቶ ይጋግለዋል። ማራገቢያ አንጠልጥሉለት፣ አትሸፍኑት። ስትሮለሩን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ከነበረም የቀበቶውን ብረት በእጃችሁ ሳትነኩ ልጅ አታስቀምጡ።

ዊልቸርም አስቡበት። "እኔ ሽባ ነኝ?" ትልሻለች። ዕቃ መጫኛ ነው በያት። የእኔን እናት እንደዚያ ነው የሸወድኳት። እኩለ ቀን ሳይደርስ ቦርሳውን አውርዳ ራሷ ተቀመጠች።

ወለተ ማርያም | ጁላይ 29

ስለ ጾሙ ልጻፍ። ጾም ለታመመ ሰው ሸክም አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያንም ለሕመምተኛ ታዝናለች። ግን አንቺ "ጠጪ" ብትያት አትሰማሽም። የእኛ እናቶች የሚሰሙት የንስሐ አባታቸውን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውይላቸው፣ ራሳቸው ይንገሯት። ምግቡን መጾም ትችላለች፣ ሰዓቱንና ውሃውን ነው ማስፈቀድ ያለባት።

አስተያየት ሰጪ 7 | ጁላይ 29

ለሽርሽር ብሎ ጾም መፍታት አሁን ምን ይባላል? በፍልሰታ ሰው ሱባኤ ይገባል እንጂ አይጥ ለማየት ይሄዳል?

ወለተ ማርያም | ጁላይ 29

ማንም ጾም ይፈታ አላለም። 68 ዓመት የሞላትና መድኃኒት የምትወስድ እናት ናት። አንተ ስትደርስ እናይሃለን።

ዱባይ ነዋሪ | ጁላይ 30

እኛ ኦገስት ላይ ከ40 በላይ ነው የምንኖረው፣ ባሕሩ ደግሞ ወበቁን ይጨምርበታል። መነጽር ያደረገ ሰው ከቤት ሲወጣ ለአንድ ደቂቃ ዓይነ ስውር ነው፣ መስታወቱ በላብ ይሸፈናል። እዚህ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። ለግንበኛ የተከለከለውን ሰዓት እኛ ለመዝናናት አንወጣበትም። እህቴ ልጆቿን ይዛ የመጣች ጊዜ ቀንና ሌሊቱን ነው የገለበጥነው። ቀን ሞልና እንቅልፍ፣ ከማታው 2 ሰዓት በኋላ ባሕር ዳር። ልጆቹ በሁለት ቀን ለመዱት። አዋቂው ነው ያልለመደው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከጋለ ውጭ ወደ በረዶ ቤት መግባት መውጣት ይከብዳል። ለእናት ቀጭን ሹራብ ወይም ነጠላ ይያዝላት።

የነታንያዋ | ጁላይ 31

ከእስራኤል ነኝ። ባለፈው ኦገስት ኤይላት ወርደን ነበር፣ ከ40 በላይ። እዚያ ሙቀቱ ደረቅ ነው፤ ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ አላብኩም ብለሽ ትታለያለሽ። የባሌ አባት እንደዚያ ነው የደከሙብን። በዚያ ላይ አገር ምድሩ እረፍት ነው፣ የየሺቫ (የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎችም የሚለቀቁት በዚያው ሰሞን ነው፣ ሰው ከሰው መጋፋት። ዘንድሮ ልጆቹን ሳኽኔ ወሰድናቸው። ምንጩ ዓመቱን ሙሉ 28 ዲግሪ ነው። ማልደን ገብተን ዛፍ ሥር ቦታ ያዝን። 4 ሰዓት ላይ የመጡት ፀሐይ ላይ ነው ምንጣፍ የዘረጉት። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ያለው ማለዳ መነሳቱ ላይ ነው።

ሁለቴ የሄድኩ | ጁላይ 31

የረሳሁት፦ ልጅ መጥፋት። ጠዋት ጠዋት ከሆቴል ስትወጡ ልጆቹን ፎቶ አንሷቸው። ብትጠፋ "ምን ለብሳ ነበር?" ሲሉሽ በድንጋጤ ሁሉ ይጠፋብሻል። ስልክ ቁጥርሽን ክንዷ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፊላት። "ከጠፋሽ የስም ባጅ ያደረገ ሠራተኛ ጋ ሂጂ" ብለሽ መጀመሪያው ቀን ባጁን አሳያት።

እኛ ለመተያየት ብለን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቲሸርት ለብሰን ነበር። መተያየቱስ ተያየን። ችግሩ ሐበሻ ሁሉ እያስቆመ ሰላም ሲለን፣ ከየት ናችሁ፣ የማን ዘመድ ናችሁ ሲባል፣ አንድ ሰልፍ አመለጠን።

ሚሚ አሌክሳንድሪያ | ኦገስት 24

ተመልሰናል! ሁላችሁም ጠፋች ብላችሁኛል፣ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ራሳችን ባመጣነው ጥፋት ተበላሸ። ሌሊቱን ስንነዳ ደርሰን ከእንቅልፍ አልነሳ አልን። ማጂክ ኪንግደም በር ላይ ስንደርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አልፏል። የምክራችሁን ሁሉ ተቃራኒ ነው የሠራሁት።

እናቴ ከመነሳታችን በፊት "ከአባ ጋር ተነጋግሬያለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ" ብላኝ ነበር። እኔም አመንኳት። ያን በነፃ የሚሰጠውን ውሃ አምጥቼ እሰጣታለሁ፣ በሁለት እጇ ይዛው ትሄዳለች፣ ጉንጯ ላይ ታስደግፈዋለች። እየጠጣች ነው ብዬ ልቤን ጣልኩ። 7 ሰዓት ላይ ውጭ የሚሰለፉበት አንድ ሰልፍ ውስጥ ነን። ትንሿ ታለቅሳለች፣ ባሌ ላቡን እየጠረገ ሰዓት ያያል። እናቴ ዝም አለች። እናቴ ደግሞ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበልኩ። በረዶው ቀልጦ እስከ አፉ ድረስ ሙሉ ነው። አንድ ጉንጭ አልወሰደችም!

ሰልፉን ጥለን ወጣን። ፓርኩ ውስጥ የሕክምና ቤት አለ፣ ነርሶቹ አስተኝተው ግፊቷን ለኩ፣ እርጥብ ጨርቅ አደረጉላት። "ጠጪ" ይሏታል፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ያኔ ስልኬን አወጣሁና አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አባ አነሱ። ነገሩን ስነግራቸው ለካ እሷ አልደወለችላቸውም! ስልኩን ለሷ ሰጠኋት። የሳቸውን ድምፅ እኔም እሰማለሁ። "ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ፣ መድኃኒት ትወስጃለሽ። አሁኑኑ ጠጪ፣ እኔ ስልክ ላይ እያለሁ" አሏት። ጠጣች። ሁለት ብርጭቆ። ነርሷ ማን ጋ እንደደወልኩ ጠየቀችኝ፣ ምን ብዬ እንደምመልስላት ግራ ገባኝ። ሐኪሟ ነው አልኳት።

ስለዚህ ወለተ ማርያም፣ በነገርሽኝ ሰዓት ራሴ ባለመደወሌ ይቅርታ።

በሁለተኛው ቀን የትም አልሄድንም። ገንዳ፣ እንቅልፍ፣ ሽሮ። ገንዘቤ ነው ይበሳጭብኛል።

በሦስተኛው ቀን አኒማል ኪንግደም በር ሲከፈት ገባን። ዊልቸሩን ለዕቃ ብዬ ተከራየሁ (ነርሷ፣ ሠርቷል)። በጠዋት እንስሳቱ ጥላ ውስጥ አልተደበቁም ነበር። በጭነት መኪና በሚዞሩበት ሳፋሪ ላይ ቀጭኔ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። እናቴ "አትላንቲክን ተሻግሬ የመጣሁት ቀጭኔ ላይ ነው እንዴ?" አለች። ከዚያ "እንደገና እንዙር" ያለችው ግን እሷው ነች። ነጠላዋን በበረዶ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ነው የምትሄደው። ሲደርቅ እንደገና ትነክራለች። አንዲት ሴት መጥታ ይሄ ጨርቅ የት ይሸጣል ብላ ጠየቀችን። በሃያ ዶላር የገዛነው አንገት ማቀዝቀዣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለብ ብሎ ቀርቷል። 6 ሰዓት ላይ ወጣን።

በአራተኛው ቀን ኤፕኮትን ማታ አደረግነው። 10 ሰዓት ላይ ዝናቡ ዘነበ፣ ሰው ሲወጣ እኛ ገባን። ለሽማግሌ የሚሆን ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ፣ ከ5 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ውሃ የያዘ፣ ፊት ለፊቱ በኤሲ ውስጥ የፈለጉትን ያህል መቆየት ነው። ደግሞ በጀልባ ሆነው የአትክልት ግሪን ሃውስ ውስጥ የሚያልፉበት አለ። እናቴ ከሁሉም እሱን ወደደች። ቲማቲሙን እያየች "አፈር የለውም እኮ፣ ምን በልቶ ነው?" ስትል ነበር። ሁለት ጊዜ ገባን፣ ሁለተኛው ሰልፍ አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ገንዘቤ ነው | ኦገስት 24

በአራት ቀን ስንት ነገር ላይ ወጣችሁ?

ሚሚ አሌክሳንድሪያ | ኦገስት 24

ዘጠኝ። ቆጥሬልሃለሁ። ጎረቤቴ በሁለት ቀን ሃያ አንድ ወጥተው፣ ሲመለሱ በመኪና ውስጥ ሳይነጋገሩ ነው ጆርጂያን ያለፉት።

ነርሷ | ኦገስት 25

እግዚአብሔር ይመስገን። ግፊቷ አሁን እንዴት ነው?

ሚሚ አሌክሳንድሪያ | ኦገስት 25

ደህና ነች። ሐኪሟ ዘንድ ወስጃታለሁ፣ ክኒኑን ወደ ማታ አዞረላት ለጊዜው።

የቦሌ ልጅ | ኦገስት 25

እማማ ግን ዲዝኒን ወደዱት?

ሚሚ አሌክሳንድሪያ | ኦገስት 25

ትናንት አዲስ አበባ ላለችው እህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ቤተ መንግሥቱን አላነሳችም፣ ርችቱንም አላነሳችም። "በረዶ ያለው ውሃ በነፃ ያድላሉ" ትላለች፣ "ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ማንም ምንም አላለኝ።"